ሃይድሮሎጂ ላይ ፒኤችዲ ልጀምር? ወይስ መስኩ ለኮምፒውተር ሰዎች አልፏል?

ካፊያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ማስተርሴን በሃይድሮሎጂ (በውሃ ሳይንስ) ልጨርስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ የተለመደው ዓይነት ነው። አንድ ተፋሰስ ያዝኩ፣ ዝናብና ፍሰት ሰበሰብኩ፣ ስዋት በሚባለው የተፋሰስ ሞዴል ላይ ካሊብሬት አደረግኩ (ከተለካው ፍሰት ጋር እንዲገጥም አስተካከልኩት)፣ ከዚያ የአየር ንብረት ሞዴሎች የሚሰጡትን የወደፊት ዝናብ አስገብቼ «በ2050 ፍሰቱ እንዲህ ይሆናል» አልኩ። ሞዴሉ ከተለካው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳየው ናሽ-ሰትክሊፍ (1 ከሆነ ፍጹም ነው) 0.7 ምናምን መጣ። አማካሪዬ ደስ አላቸው፣ እኔ ግን ውስጤ አልተቀበለውም። ሞዴሉን ያስተካከልኩት ባለፉት ዓመታት ዳታ ነዋ! የምተነብየው ደግሞ ያ ዳታ ጨርሶ አይቶት የማያውቀውን ዓለም ነው። የአየር ንብረት ሞዴሎቹን ስቀያይር ደግሞ አንዱ ፍሰቱ ይጨምራል ይለኛል፣ ሌላው ይቀንሳል ይለኛል። የቱን አምኜ ነው ድምዳሜ የምጽፈው?

በሌላ በኩል ከዳታ ራሱ የሚማረው ማሽን ለርኒንጉ መጣ። አንድም የፍሰት መለኪያ በሌለው ወንዝ ላይ ጎርፍ እንተነብያለን የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ውጤታቸውንም ሳየው ቀላል አይደለም። ስለ ኢንፊልትሬሽን (ውሃ ወደ አፈር ስለሚሰርግበት መንገድ) ምንም ሳይማሩ ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡ ልጆች እኛን በገዛ መስካችን እየበለጡን ነው። ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን?

የፒኤችዲ ዕድል አግኝቻለሁ፤ ርዕሱን ግን ራሴ ነኝ የምመርጠው። ስለዚህ በቀጥታ ልጠይቅ። የሃይድሮሎጂ ምርምር በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ወዴት ነው የሚሄደው? ዕድሜዬን የማላባክንበት ጥያቄ የቱ ነው? «የምትወጂውን ሥሪ» እንዳትሉኝ ብቻ፣ እሱን እናቴም ነግራኛለች።

ዶፍ

ካፊያ፣ ከጥያቄሽ ግማሹ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ድንጋጤ። ድንጋጤውን መጀመሪያ እናውጣው።

እኔ የምሠራው ማሽን ለርኒንግ ላይ ነው፣ ስለዚህ ወገንተኛ ነው ብለሽ ስሚኝ። ኤልኤስቲኤም የሚባለው፣ ያለፈውን እያስታወሰ ከዳታ የሚማረው ኔትወርክ ራሱ አዲስ አይደለም፣ 1997 የወጣ ነው (ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እኛ ቤት በደንብ የገባው ግን ከ2018 ወዲህ ነው። ያስደነገጠው ነገር ምን መሰለሽ? ስንማር «እያንዳንዱ ተፋሰስ የራሱ ጠባይ አለው፣ ለየብቻው ካሊብሬት አድርገው» ተባልን። ኤልኤስቲኤም ተቃራኒውን አሳየ። አሜሪካ ውስጥ ካሜልስ የሚባል የዳታ ስብስብ አለ። ከእሱ ላይ ከ500 በላይ ተፋሰሶችን ባንድ ላይ አስተማሩት። ለእያንዳንዱ ተፋሰስ ተለክተው የተሰፉትን የድሮ ሞዴሎች በለጣቸው። ከዚያ ደግሞ የተወሰኑትን ተፋሰሶች ደብቀውት ሲፈትኑት እዚያም ጥሩ ሠራ። አንዱ ወንዝ ስለሌላው ወንዝ ያስተምራል ማለት ነው። ማንም ስለ በረዶ ሳይነግረው፣ ውስጡ ካሉት ማስታወሻዎች አንዱ የበረዶ ክምችትን ተከትሎ ሲወጣና ሲወርድ ተገኝቷል። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳይ እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት።

2024 ላይ ደግሞ የጎግል ቡድን ኔቸር ላይ አንድ ሥራ አወጣ። መለኪያ ለሌላቸው ወንዞች ከ5 ቀን በፊት የሚሰጠው ትንበያ፣ ግሎፋስ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለዕለቱ ከሚሰጠው ጋር የሚስተካከል አስተማማኝነት እንዳለው አሳዩ። ትዝ ይበልሽ፣ ዓለም አቀፉ የሃይድሮሎጂ ሳይንስ ማኅበር ከ2003 እስከ 2012 ሙሉ አሥር ዓመት የሰጠው ለዚሁ ጥያቄ ነበር፤ መለኪያ የሌለውን ተፋሰስ እንዴት እንተንብይ ለሚለው።

ምክሬ አጭር ነው። የፓይተን ኮድ አጻጻፍሽን አጥብቂ። ከዚያ የፊዚክስ ሞዴልን ከኔትወርክ ጋር የሚያዳቅለው ሥራ ውስጥ ግቢ፣ ዲፈረንሺየብል ሞዴሊንግ የሚሉት። አንድ ተፋሰስ ላይ ስዋት አስተካክሎ ፔፐር ማውጣት ግን አልቆለታል። ይቅርታ።

ደለል

ዶፍ ያለው ውሸት የለበትም። ታሪኩን ግን ከመሃል ነው የጀመረው። የእነዚያ 500 ምናምን ተፋሰሶች ፍሰት ከየት መጣ? ሰው ለክቶት ነው። ዓመት ከዓመት፣ ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል። ልኬት በሌለበት ሞዴል ማስተማር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ ወንዝ ዳር ቆሞ የማያውቅ ብዙ ሰው እዚህ አለ። «የፍሰት ዳታ» ብለን ከፍተን የምናየውን ቁጥር በቀጥታ የለካው ሰው የለም። ዳር ላይ የቆመው ስታፍ ጌጅ (ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ) ወይም ሴንሰር የሚነግርሽ የውሃውን ከፍታ ብቻ ነው። ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚለውጠው ሬቲንግ ከርቩ ነው። ከርቩን ለመሥራት ደግሞ ሰው ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ድልድይ ላይ ቆሞ የውሃ ፍጥነት መለኪያውን ከረንት ሜትር ያወርዳል። የወንዙን ስፋት ይከፋፍላል፣ በየክፍሉ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ይለካል፣ ያባዛል፣ ይደምራል። አንድ ነጥብ ተገኘ። ሌላ ቀን፣ በሌላ ከፍታ፣ እንደገና። አሁን በድምፅ ሞገድ የሚለካው ኤዲሲፒ መጥቶ ሥራው ቀሏል፤ በጀልባ ወይ በገመድ ከዳር ዳር ትጎትችዋለሽ፣ አለቀ።

ግን ይሄ ሁሉ የሚሆነው ወንዙ ሰላም ሲሆን ነው። ውሃው ጭቃ መስሎ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ በሌሊት ሲመጣ ማን ይገባል? ማንም። ስለዚህ የከርቩ የላይኛው ጫፍ፣ ማለት እኛ ለድልድይና ለግድብ አጥብቀን የምንፈልገው የጎርፉ ክፍል፣ ከታች ካሉት ነጥቦች በግምት የተቀጠለ መስመር ነው። እዚያ ላይ ጎርፉ ራሱ ወንዙን ይቆፍረዋል፣ ወይ በእኔ ስም ይሞላዋል። በማግሥቱ 2 ሜትር ከፍታ ትናንት የነበረውን ፍሰት አይሰጥም። ከርቩ ካልታደሰ ዳታው መዋሸት ይጀምራል፣ ሞዴሉም ያንን ውሸት በትጋት ይማራል። የካፊያ 0.7 ከየትኛው የከርቩ ክፍል እንደመጣ ብናይ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ። 2008 ላይ ሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ፣ መልእክቱ «ስቴሽናሪቲ ሞቷል» የሚል ነበር። የሞተው፣ ወንዙ ድሮ ከሚዋዥቅበት ክልል ወደፊትም አይወጣም የሚለው ግምት ነው። ግድቡም፣ ድልድዩም፣ የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለውም (በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነው)፣ የውሃ ክፍፍል ስምምነቱም የተሠራው በዚያ ግምት ላይ ነው። አሜሪካ ያለውን የኮሎራዶን ወንዝ ተመልከቺ። 1922 ላይ ግዛቶቹ ውሃውን ለመከፋፈል ሲፈራረሙ የላይኛውም የታችኛውም ተፋሰስ በዓመት ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ትንሽ በላይ ተመደበለት። የተማመኑት ከወትሮው እርጥብ በሆኑ ዓመታት ልኬት ነው። ወንዙ በአማካይ ያን ያህል ውሃ የለውም። በጁላይ 2022 በዚሁ ወንዝ ላይ ያለው የግድብ ሐይቅ፣ ሚድ፣ 1937 ላይ ገና ሲሞላ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ዝቅ ወዳለው ደረጃ ወረደ። ሁሉንም በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ይቀላል። መጀመሪያውኑ ግን አጭር መዝገብ አይተው ነው የፈረሙት፤ ሙቀቱ በላዩ ላይ ተጨመረበት እንጂ።

ሌላ ልጨምር። በጁላይ 2021 ጀርመን አር ሸለቆ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በአገሪቱ ከ180 በላይ ሰው ሞተ። አልተናር ላይ የነበረውን የመለኪያ ጣቢያ ጎርፉ ራሱ ጠርጎ ወሰደው፤ ስለዚህ የዚያን ሌሊት ጫፍ በቀጥታ የሚነግረን መሣሪያ የለም። የሚያናድደው ግን ይሄ አይደለም። በዚያው ሸለቆ በ1804 እና በ1910 ከባድ ጎርፍ ወርዶ ነበር፣ ተጽፎም ይገኛል። የአደጋ ካርታው የተሰላው ግን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በመሣሪያ በተለካው ላይ ስለሆነ ሁለቱም አልገቡበትም። የወደፊቱ ሃይድሮሎጂ ግማሹ የድሮ ወረቀት ማገላበጥ ነው ብልሽ አትሳቂብኝ። እንግሊዛዊው ሃይድሮሎጂስት ኸርስት ምን አድርጎ ስሙን እንዳተረፈ ታውቂያለሽ? ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይ ከፍታ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይመዘገብ ነበር። እሱ ያንንና ሌሎች ረጃጅም መዝገቦችን ይዞ፣ እርጥብ ዓመታት ተከታትለው ደረቆቹም ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው 1951 ላይ አሳተመ። ዛሬ የኸርስት ቁጥር የሚባለውን የአክሲዮን ገበያ የሚያጠኑት ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ዛሬ ማን እየጻፈ ነው? ኮብሌንዝ ያለው የዓለም የፍሰት ዳታ ማዕከል ከ1988 ጀምሮ ከየአገሩ ይሰበስባል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ዳታ የሚደርሰው ጣቢያ በብዙ ቦታ እየቀነሰ ነው የሄደው። ወይ ጣቢያው ተዘግቷል፣ ወይ አገሩ አልሰጥም ብሏል። ዓለም በፍጥነት በምትለወጥበት ሰዓት መለኪያውን እየነቀልን ነው።

ካፊያ

ጋሽ ደለል በጣም አመሰግናለሁ። የከርቩ ነገር አሳፈረኝ፣ ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሳተላይቱስ? የወንዝን ውሃ ከላይ የሚለካው ስዎት ወጥቶ የለም እንዴ? ከሰማይ ከተለካ መሬት ላይ ያለው ጣቢያ ለምን ያስፈልጋል?

ደለል

ስዎት ዲሴምበር 2022 ላይ ነው የተተኮሰው፣ ናሳና የፈረንሳዩ የጠፈር ድርጅት ክኔስ በጋራ። እኔ ወድጄዋለሁ። የውሃውን ከፍታ፣ ስፋቱንና ተዳፋቱን ባንድ ላይ ያያል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም። ነገር ግን የታሰበው 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች ነው። ዑደቱ 21 ቀን ነው፣ በመሃል ደግመሽ ብትታዪ እንኳ በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ መጥቶ የሚያልፍ ደራሽ ውሃ እዚህ ውስጥ አይገባም። የወንዙን ወለልም አያይም፤ ፍሰት ለማግኘት ጥልቀቱ መገመት አለበት። ግምቱን ማን ያርመው? ያው መሬት ላይ ያለው ጣቢያ ነዋ።

ምንጭ

ሁላችሁም ወንዝ ወንዝ፣ ጎርፍ ጎርፍ ትላላችሁ፤ የሚታየውን። በዓለም ላይ ፈሳሽ ሆኖ ከሚገኘው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ 99 በመቶ ገደማው ከመሬት በታች ነው። ካፊያ፣ እኔ አንቺን ብሆን ወደ ታች ነበር የማየው።

ስለ ሳተላይት ከተነሳ ግሬስን አትርሱት። 2002 ላይ የተላኩ ሁለት ሳተላይቶች ናቸው፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ይከታተላሉ። ከበታቻቸው ክብደት ሲበዛ ፊተኛው ቀድሞ ይሳብና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለወጣል። ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ለውጥ ሳይቀር ይለካሉ። በዚህ ብቻ ሰሜን ምዕራብ ሕንድና የካሊፎርኒያ ሴንትራል ቫሊ ከመሬት በታች ውሃቸው እየተመጠጠ እንደሆነ ከሰማይ ታየ፤ የየአካባቢው ሰው ዳታ ይስጥ አይስጥ። ከ2018 ጀምሮ ተተኪዎቻቸው እየሠሩ ነው። ችግሩ የሚያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ ስፋትን ነው። የአንድን ወረዳ ጉድጓድ አይነግሩሽም፤ እሱን የሚነግርሽ ገመድ ይዞ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚቆመው ሰው ነው።

እና ያ ሰው ሲኖር ምን እንደሚገኝ ተመልከቺ። በ2024 መጀመሪያ ኔቸር ላይ የወጣ ሥራ 170 ሺህ ያህል ጉድጓዶችን ከ40 በላይ አገሮች ሰብስቦ ወደ 1,700 የሚጠጉ አኩዊፈሮችን (ውሃ የያዙ የመሬት ውስጥ ንብርብሮችን) አየ። በተለይ ደረቅና ሰፊ እርሻ ባለበት አካባቢ በዓመት ከግማሽ ሜትር በላይ የሚወርዱት ብዙ ናቸው፤ ከሩብ በላይ በሆኑት ደግሞ መውረዱ ካለፉት አሥርት ዓመታት ይልቅ ፈጥኗል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላኛው ግማሽ ነው። የተመለሱም አሉ። ባንኮክ ላይ የመሳብ ፈቃድና ክፍያ ሲጠብቅ ደረጃው መውጣት ጀመረ። አሪዞና ውስጥ ቱሰን ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ ውሃ ወደ መሬት እንዲሰርግ ሲደረግ እንዲሁ። የቱ አኩዊፈር ይመለሳል፣ በስንት ዓመት፣ የቱ ደግሞ አፈሩ ተጨምቆ ቦታውን ላይመልስ ጠፋ? ይሄ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያሠራ ጥያቄ ነው። የሚመልስሽ ኔትወርክ ደግሞ ገና የለም፤ የሚማርበት ዳታ በየቢሮው መሳቢያ ነው ያለው።

ሌላም አለ፣ ይሄ የኔ ፍቅር ስለሆነ ታገሱኝ። ዝናብ ዘነበ፣ ወንዙ በሰዓታት ውስጥ ሞላ። ውሃው የዛሬ ዝናብ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኦክስጅን-18 እና በዲዩተሪየም (የውሃውን ምንጭ በሚጠቁሙ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖች) ሲለካ ግን በብዙ ተፋሰሶች፣ በተለይ እርጥብና ደን ባለባቸው፣ አብዛኛው ከዝናቡ በፊት አፈርና አለት ውስጥ የነበረ አሮጌ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ሞልቶ የቆመ ቧንቧ ውስጥ ባንድ ጫፍ ስትጨምሪ በሌላው ጫፍ የነበረው እንደሚወጣው ማለት ነው። ግን አፈር ቧንቧ አይደለም፤ እንዴት ያን ያህል ፈጥኖ እንደሚገፋ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ለካፊያ ደግሞ ትርጉሙ ይሄ ነው። ስዋትሽ ፍሰቱን በትክክል መትቶ የውሃውን ዕድሜ ሙሉ በሙሉ ሊስት ይችላል። ለጎርፍ ምንም አይልሽም። የማዳበሪያው ናይትሬት ከውሃው መቼ ይጠራል ብሎ ለሚጠይቅሽ ሰው ግን መልስሽ ውሃ አያነሳም።

ማዕበል

እኔ ከምርምር ወገን አይደለሁም፣ የጎርፍ ትንበያ ክፍል ውስጥ ተረኛ ነኝ። ስለዚህ አጠር አድርጌ ከዚህኛው ወገን ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ።

ትንበያ ማለት ማስጠንቀቂያ ማለት አይደለም። ቅድም የተነሳው የ2021 ጎርፍ ላይ የአውሮፓው የጎርፍ ሥርዓት ከቀናት በፊት ምልክት ሰጥቶ ነበር። ሴፕቴምበር 2023 ሊቢያ ላይ ማዕበሉ እየመጣ መሆኑ በአየር ትንበያ ታውቋል። አል-በይዳ ላይ በአንድ ቀን 414 ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ ዴርና በላይ ያሉት ሁለት ግድቦች ሄዱ፣ ሺዎች በሌሊት አለቁ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ሃይድሮሎጂስት ቀድሞ ጽፎ ነበር። እዚያ የጎደለው ሌላ ሞዴል ነው? ምልክቱ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፣ ቁጥሩ ስንት ቤት ውስጥ ውሃ እንደሚያስገባ የሚነግረው ሰው የለም፣ የሚወስነው ሰው ደግሞ ተኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2027 ሁሉም ሰው በቅድመ ማስጠንቀቂያ ይሸፈን ብሏል። እኔ የምፈልገው ተመራማሪ «60 በመቶ ዕድል አለ» ስንል ሰው ምን እንደሚሰማና ምን እንደሚያደርግ ከሃይድሮግራፉ (የፍሰቱን መውጣትና መውረድ ከሚያሳየው መስመር) ጋር አያይዞ የሚያጠናልኝን ነው።

ሰውየው ራሱ የሃይድሮሎጂው አካል ነው ደግሞ። የጎርፍ መከላከያ ግንብ ትሠሪያለሽ፣ ትንሹ ጎርፍ ይቆማል፣ ሰው ተማምኖ ግንቡ ሥር ቤት ይሠራል፣ ትልቁ ሲመጣ ጉዳቱ ከበፊቱ ይብሳል። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ጊልበርት ኋይት ይሄን ዓይነቱን ነገር 1945 ላይ ነው የጻፈው። ዶፍ የጠቀሰው የሃይድሮሎጂ ማኅበር ከ2013 እስከ 2022 ያለውን አሥር ዓመት ለለውጥና ለማኅበረሰብ የሰጠው፣ ከ2023 እስከ 2032 ያለውን ደግሞ ከየአካባቢው ሰው ጋር ለመሥራት ያደረገው በከንቱ አይደለም። አንዳንዱ ፔፐር እውነቱን ለመናገር ወሬ ይበዛዋል። ጥያቄው ግን ትክክል ነው።

ካፊያ «የቱን ሞዴል አምኜ» ላልሽው ደግሞ፣ ጥያቄውን ገልብጪው። የአየር ንብረት ሞዴሎች በሙቀት ላይ ይግባባሉ፣ በዝናብ ላይ በብዙ ቦታ አይግባቡም፤ ቶሎም አይግባቡልሽም። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፣ ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ ይበረታል። ግን ዝናብ በረታ ማለት ጎርፍ በረታ ማለት አይደለም፤ አፈሩ ደርቆ ከጠበቀው ይጠጣዋል። አውሮፓ ላይ ከ1960 እስከ 2010 ያለው ሲታይ በሰሜን ምዕራብ ጎርፉ ጨምሯል፣ በደቡብና በምሥራቅ ቀንሷል። ስለዚህ ከሞዴሉ አትነሺ፣ ከግድቡ ተነሺ። ዝናቡ በስንት ቢቀንስ፣ ትነቱ በስንት ቢጨምር ነው ግድቡ ከተማውን ማጠጣት የሚያቅተው? ያንን ድንበር አውጪው። ከዚያ በኋላ ነው ሞዴሎቹ ከድንበሩ ወዲህ ናቸው ወዲያ የሚለው የሚታየው። የውሃ ሥራ አስኪያጅ የሚገባው መልስ እሱ ነው። «በ2050 ፍሰቱ ከ20 በመቶ ቅናሽ እስከ 30 በመቶ ጭማሪ ይሆናል» ብለሽ ብትሰጪው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው የሚልሽ፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነኝ።

ዶፍ

እሺ፣ ሁላችሁም ተባብራችሁ ወረዳችሁብኝ። ደለል ስለ ልኬት ያለው ልክ ነው፣ ግን የሱ መደምደሚያና የኔ ይለያያል። «ጣቢያ ይከፈት» ማለት ጥሩ ነው፣ ገንዘቡን ማን ይሰጣል? ለሃያ ዓመት ስንጮህ ኖርን። ስለዚህ ከድሮው በተለየ መንገድ መለካት አለብን። ድልድይ ላይ ካሜራ ስቀል፣ በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋና ቅጠል በቪዲዮ ተከታትሎ ፍጥነቱን ያወጣልሃል፤ ማንም ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። የሞባይል አንቴናዎች እርስ በርስ የሚላላኩት ማይክሮዌቭ ዝናብ ሲዘንብ ይደክማል፣ ከድካሙ የዝናቡን መጠን ማውጣት እንደሚቻል ከ2006 ጀምሮ ይታወቃል። መሣሪያው ተተክሎ ያለቀ ነው፤ የጎደለው የቴሌኮም ድርጅቶች ዳታውን መስጠታቸው ነው።

አንድ ነገር ግን በራሴ ወገን ላይ ልናገር፤ ካፊያ ይሄን ማወቅ አለባት። ኤልኤስቲኤም ጣሪያ አለው። አሠራሩ ራሱ ውጤቱ ከሆነ ቦታ በላይ እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ጣሪያው የት ላይ እንደሚሆን የሚወሰነው ደግሞ ባየው ዳታ ነው። በአንድ ተፋሰስ ብቻ ካስተማርሽው ትልቁ የሚያውቀው ጎርፍ የዚያ ወንዝ ትልቁ ጎርፍ ነው። በመቶዎች ተፋሰሶች ስታስተምሪው ጣሪያው ከፍ ይላል፣ አይጠፋም ግን። ማንም አይቶት የማያውቀው ጎርፍ ሲመጣ ምን ይላል የሚለው ክፍት ነው። ለዚህ ነው ድቅል ሞዴሉን የምገፋው፤ ቢያንስ የገባው ውሃና የወጣው ውሃ መመዛዘን አለበት።

ካፊያ

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ምንጭ፣ የከርሰ ምድሩ ነገር ልቤን ወስዶታል ግን ጉድጓድ ዳታ የማገኝበት በር የለኝም። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ እስቲ አፍርሱልኝ። መለኪያ ጣቢያ ባላቸው ትንንሽ ወንዞች ላይ ካሜራ እሰቅላለሁ። ጎርፍ ሲመጣ ከቪዲዮው ፍጥነቱን አውጥቼ የሬቲንግ ከርቩን የላይኛውን ጫፍ እንደገና እሠራዋለሁ፣ ከነስህተት ወሰኑ። ከዚያ የድሮውን የጎርፍ መዝገብ በአዲሱ ከርቭ ቀይሬ፣ በሁለቱም መዝገብ ሞዴል አስተምሬ፣ የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ስንት እንደሚለወጥ አያለሁ። ማዕበል እንዳሉትም ድልድዩ የሚሸከመውን መጠን ይዤ ከዚያ ወደኋላ እጠይቃለሁ። ይሄ ፒኤችዲ ይሆናል?

ማዕበል

ይሆናል። ድልድዩን በመጀመሪያው ዓመት አስገቢው፣ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ምዕራፍ አታድርጊው። አንዱ ጣቢያ ከበላዩ ግድብ ያለበት ከሆነ ደግሞ ተዪው፣ የሚለካሽ ወንዙን ሳይሆን የበር ከፋቹን ውሳኔ ነው።

ምንጭ

ካሜራ ለመስቀል ስትሄጂ ጠርሙስ ያዢ። በጎርፉ ጊዜና በደረቁ ወቅት የውሃ ናሙና ቅጂ፣ ክዳኑን አጥብቂው እንዳይተን። የአይሶቶፕ ምርመራው ሌላ ቀን ይደርሳል፣ ያልተቀዳ ጎርፍ ግን ተመልሶ አይቀዳም።

ደለል

አላፈርስብሽም። ጣቢያ ከመምረጥሽ በፊት ግን የተዘጋጀውን የፍሰት ሠንጠረዥ ሳይሆን የመስክ ልኬት ወረቀቶቹን ጠይቂ፤ ቀኑ፣ ከፍታው፣ የተለካው ፍሰት የተጻፈባቸውን። ትልቁ የተለካው ፍሰት ስንት እንደሆነ አይተሽ በመዝገቡ ካለው ትልቁ ጎርፍ ጋር አስተያዪው፣ ልዩነቱ የሰፋበት ጣቢያ ነው ላንቺ የሚሆነው። ስታፍ ጌጁ ተነቅሎ እንደገና ተተክሎ እንደሆነ፣ ዜሮው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ መዝገብ ላይ የለም፣ ጣቢያውን የሚያነቡት ሰው ጋ ነው ያለው። የወንዙን ክሮስ ሴክሽን (ከዳር ዳር ያለውን የወለሉን ቅርጽ) ከዝናቡ ወቅት በፊትና በኋላ አስለኪ። ካሜራውን ደግሞ ከጎርፉ ምልክት በላይ ስቀዪው፣ ምልክቱን የአካባቢው ሰው ያሳይሻል።

ዶፍ

የቪዲዮውን ፍጥነት የማወጣበት ኮድ አለኝ፣ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ሌሊት ላይ ግን አይሠራም፣ ኢንፍራሬድ ካሜራ በጀትሽ ውስጥ አስገቢ።